ዩሪያ የቀመሰ ኮሰረት

ማሰሮዎቹ የተከፈቱ ዕለት በግቢው ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። የማሰሮዎቹ ጠባቂ ከቤታቸው በር በስተግራ፣ ከጓዳ ወጥተው በአመድ ላይ ከተደረደሩት ሦስት ማሰሮዎች አጠገብ ተንበርክከዋል። የዋርሳቸው፣ ማለት የሟች ባላቸው ወንድም፣ ሚስት የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። በዕድሜ የገፉት ሁለቱ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከመንደሩ ላይኛው ጫፍ የወረዱት ሰባቱ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ይዘው ከአቮካዶው ሥር ቆመዋል። እኔ ከጓሮ አትክልቱ አጥር ጋር ነበርኩ። እዚያ የቆምኩት አትክልቱ የእኔ ሥራ ስለነበር ነው።

ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነበር። እዚህ የምጽፈው በአማርኛ ነው።

ጊፋታ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ወንዶቹ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤው። በእኛ መንደር፣ ከሶዶ ወደ ቤሌ በሚወስደው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ፣ አሥራ ሁለት ሴቶች በየሳምንቱ የገበያ ማግስት አንዳንድ ጭልፋ ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን ለጠባቂዋ እናስረክባለን። እሳቸው በየወሩ አንጥረው ማሰሮ ውስጥ ይጨምራሉ። የማሰሮው አፍ በእንሰት ቅጠል ታስሮ በጭቃ ይታሸጋል። የሚከፈተው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁሉም ሴት ባለችበት ነው።

የመጀመሪያውን ጭቃ ፈነቀሉት። ቅጠሉን ገለጡት። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

እኛ የቆየ ቅቤ ሽታ እናውቃለን። እንዲያውም እንወደዋለን። ይሄ ሌላ ነበር፤ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ዓይን የሚያስጨፍን። ጠባቂዋ ሁለተኛውን ከፈቱ፣ ሦስተኛውንም። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ።

ከአግዳሚው ላይ አንዷ አሮጊት፣ «እኔ ጥርስ እንጂ አፍንጫ አላጣሁም፤ ይሄን ለሰው ልትሰጪ ነው?» አሉ።

የሳቀ አልነበረም። የዋርሳቸው ሚስት ከበሩ ፈቀቅ አለችና ጣቷን ከማሰሮው ነክራ በምላሷ ነካችው። ተፋችው። «ይሄ የላም አይደለም» አለች። «የሚረጋ ዘይት ቀላቅላበታለች። ንጹሑ ሶዶ ገበያ ወጥቷል።»

ጠባቂዋ ቀና ብለው አላዩአትም። ማሰሮውን ወደ ብርሃን አዘንብለው ውስጡን ሲያዩ ቆዩ። «ያንቺም አለበት፣ የኔም አለበት» አሉ በመጨረሻ። «የራሴን ለምን አበላሻለሁ?»

«የራስሽማ ገበያ ነው ያለው።»

ሰባቱ ሴቶች ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ወጡ። አንዷ ሳህኗን ከደረቷ ለጥፋ፣ ባሏ ምን እንደሚላት ለጓደኛዋ እያጉረመረመች ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጠባቂዋ መናገር አለብኝ። ልጅ አልነበራቸውም። በእኛ አገር ሴት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ስለሆነ፣ ሴቶቹ ለእሳቸው «የማሰሮዎቹ እናት» የሚል አውጥተውላቸው ነበር። በጨዋታ የተጀመረ ነው፤ በኋላ ግን ልጆችም በዚያ ይጠሯቸው ነበር። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ዋርሳቸው ቤቱንና የእንሰት ማሳውን ይፈልገው ነበር። መውለድ ያልቻለች ሴት የወንድሙን መሬት ይዛ ለምን ትቀመጣለች ይል ነበር። ሊያስወጣቸው ያልቻለው በሴቶቹ ምክንያት ነው። የአሥራ ሁለት ቤት የበዓል ቅቤ በአንድ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ያንን ጓዳ የሚነካ ወንድ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ መልስ መስጠት ይኖርበታል። ጠባቂዋ ይህንን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን በርበሬ እየለቀሙ፣ «እነዚህ ሦስቱ ማሰሮዎች ናቸው አጥሬ» ብለውኝ ያውቃሉ።

አሥራ አራት ዓመት ቅቤ አልተበላሸባቸውም። ምስጢር አልነበረውም። ለአንድ ድስት ቅቤ አንድ እፍኝ ደረቅ ኮሰረት፣ አንድ እፍኝ በሶብላ፣ ጥቂት ኮረሪማ። ኮሰረቱንና በሶብላውን ከቤቱ ኋላ፣ ከእንሰቱ ሥር ያበቅሉ ነበር። የሚያገኘው አመድና የከብት እበት ብቻ ነው። ቅጠሉ ትንሽና ጠንካራ ነበር፤ ቀሚስ ከነካው እስከ ማታ ይሸታል።

እኔ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ የቤት ኢኮኖሚክስ ሠራተኛ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስጄ ነው የተቀጠርኩት። ጊዜው ኤክስቴንሽን ፓኬጅ የሚባለው ሁሉም ቦታ የደረሰበት ነው። ወንዶቹ የበቆሎ ማሳያ ነበራቸው፤ እኔ ደግሞ በየቀበሌው አንድ የጓሮ አትክልት ማሳያ እንድሠራ ታዘዝኩ። ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ከዳፕና ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር። የጠባቂዋን ጓሮ የመረጥኩት መንገድ ዳር ስለሆነ ነው። ጎብኚ ከመኪና ሳይርቅ ያየዋል።

ዩሪያውን ለጎመኑ ስንበትን እሳቸው ነጩን ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው አዩት።

«ጨው ይመስላል» አሉ። «ለኮሰረቱስ?»

«ቅጠሉ ለሚፈለግ ተክል ሁሉ ጥሩ ነው» አልኳቸው።

በመጽሐፍ አላነበብኩትም፣ ማንም አልነገረኝም። መልስ መስጠት ስለለመድኩ ነው የሰጠሁት። ከእንሰቱ ሥር አዲስ መደብ አወጣንና ኮሰረቱን በቅርንጫፍ፣ በሶብላውን በዘር ተከልነው። በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ዩሪያ ጨመርንበት። ማሳያ ስለሆነ እንዲያምር ፈለግሁ።

አማረ። የበሶብላው ቅጠል መዳፌን አከለ። ኮሰረቱ ወገብ ደረሰ። ከሶዶ የመጡ እንግዶች ቆመው አዩት፤ አንዱ፣ «እዚህ ቅጠል ላይ እንጀራ ቢጋገርበትስ?» ብሎ ሌሎቹን አሳቀ። ጠባቂዋም ሳቁ። እንግዶቹ ሲሄዱ አንድ ቅጠል ቀጥፈው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ እንደገና አሹት።

«ልጄ፣ ጠረኑ ቀለለብኝ» አሉ።

«ዝናቡ ነው። ሲደርቅ ይመለሳል።»

«እንዲያ ይሆናል?»

«አዎ።»

ሪፖርቱ ላይ «እድገቱ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸውም ቅጠሉን አድርቀው በእፍኝ እየሰፈሩ አነጠሩበት። እፍኛቸውን አልለወጡም። እናታቸው በእፍኝ አስተምረዋቸዋል፤ እናታቸውንም እናታቸው።

ጊፋታ ደረሰ። በእኛ መንደር ሙቹዋ፣ ቅቤ ጠጥቶ የሚበላው የቡላ ገንፎ፣ በአንዳንድ ቤት በዘይት ተሠራ። በአንዳንዱ ቤት ጭራሽ አልተሠራም። ወንዶቹ በሬ አርደው ሥጋ ተካፈሉ፤ ሴቶቹ የሚያቀርቡት አልነበራቸውም። አንዷን ባሏ በሰው ፊት፣ «አንቺ ዓመቱን ሙሉ የሸኘሽው ቅቤ ወዴት ገባ?» ብሏት እንደነበር ሰማሁ። ወደ ጠባቂዋ ቤት በበዓሉ ማንም አልሄደም። እኔም አልሄድኩም።

የዋርሳቸው ሚስት ማስረጃ ፍለጋ መገንጠያው ላይ ወዳለው ሱቅ ሄዳ ነበር። ባለ ሱቁ አባቱ ከስልጤ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ዘይትም የሚረጋ ዘይትም ለመንደሩ የሚያመጣው እሱ ብቻ ነው። እኔ ክብሪት ልገዛ ቆሜ ነበር።

«ስንት ቆርቆሮ ወሰደች?» አለችው።

«ከእኔ የወሰዱት ጨውና ሳሙና ነው።»

«ደንበኛህን አትሸጥም፣ አይደል?»

«እኔ የምሸጠው መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው» አለ። «እሳቸውን መደርደሪያው ላይ አላየኋቸውም።»

ኋላ ለፍርድ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ለምስክርነት ሊጠሩት ይችሉ ነበር። አልጠሩትም።

ጉዳዩ ከበዓሉ በኋላ ለሽማግሌ ተቀጠረ። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሳምንት ሁለት ጥቅል የበሶብላ ቅጠል ይዤ ሶዶ ወጣሁ። አንዱ ከማሳያው ነው። ሌላው ከራሴ ቤት ኋላ፣ አመድ ብቻ ከሚያገኘው። ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ ወጥተው ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ይኖሩ ነበር። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሰው ቁም ነገር ሲጠይቃቸው ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው።

የመጀመሪያውን አሹት። «ሣር ይሸታል» አሉ። ሁለተኛውን አሹት። «ይሄ በሶብላ ነው። ያኛው ምንድን ነው?»

«እሱም በሶብላ ነው። ዩሪያ አግኝቷል።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለጎመንስ ቢሆን አራት ጊዜ ምን አስቸኮለሽ?»

ከዚያ እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ቅቤ የሚበላሸው በአየር ነው። በኮሰረትና በበሶብላ ውስጥ አየሩን ቀድሞ የሚቀበል፣ ቅቤውን የሚከልል ነገር አለ፤ አንቲኦክሲደንት ይባላል። ተክሉ ያንን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ራሱን ለመጠበቅ ነው። ሲቸግረው ያበዛዋል። ናይትሮጅን ሲጠግብ ግን ጉልበቱን ቅጠል ማሳደግ ላይ ያውለዋል፣ መከላከያውን ይቀንሳል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ አልልሽም። መጠን አለው፣ አፈሩም ይለያያል። እዚህ የምንለካበት መሣሪያ የለንም። ግን አፍንጫ አለን። ሴትዮዋ የሚሰፍሩት በሚዛን ነው?»

«በእፍኝ።»

«እንግዲህ ተመልከቺ። ትልቅ ቅጠል ሲደርቅ ይጠቀለላል። እፍኝ ሲሞላ ግማሹ አየር ነው። ቀድሞ የደከመ ቅጠል፣ እሱም በግማሽ። ሴትዮዋ ምንም አላጠፉም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በወረቀት እንዲጽፉልኝ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ቀድሜ አለቃዬን ላነጋግር ብዬ ተውኩት።

አለቃዬ በሩን ዘግቶ ሰማኝ።

«ማዳበሪያ ቅቤ አበላሸ ልትይ ነው?»

«ማዳበሪያ አላልኩም። ቅመም ላይ ያለ መጠን መጨመሩ ነው።»

«ገበሬው መጠን የምትለውን አይሰማም። ማዳበሪያ የምትለውን ሰምቶ ይሄዳል። ወቅቱን ታውቂያለሽ። ከረጢቱን አልቀበልም ያለ ቀበሌ ቢኖር እኔ ምን ብዬ እጽፋለሁ?» ቀጠለና፣ «ማሳያውን ማን ሠራ?» አለኝ።

«እኔ።»

«ሪፖርቱ ላይ ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው» አለ። «ማዳበሪያ ቅጠል ያበዛል፣ ቅቤ አያበላሽም። ከጠየቁሽ ይሄን በያቸው። ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። በዚያ ደሞዝ እናቴንና ሁለት ልጆቼን አኖር ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲያው እንዲታወቅ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። በጠባቂዋ ግቢ፣ ከአቮካዶው ሥር ተቀመጡ። ዋርሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ሚስቱ ስለሚረጋው ዘይት ተናገረች። ጠባቂዋ አልገዛሁም፣ አልቀላቀልኩም አሉ። ይማሉ ሲባሉ ማሉ። ትልቁ ሽማግሌ መሐላውን ተቀበሉ።

«እንግዲህ ዘይት አልተቀላቀለም» አሉ። «ታዲያ ምን ነካው?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። የቅቤውም ማኅበርተኛ ነሽ። ምን ነካው?»

ከማለዳ ጀምሮ ያዘጋጀሁት መልስ ነበር። «ቅመሙ አልበቃውም» አልኩ። «እፍኙ ትንሽ ሆኖበታል።»

«የማን እፍኝ?»

«የሳቸው።»

«ቅመም ቆጥባለች ማለት ነው?»

ዝም አልኩ። ሽማግሌው ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰዱት።

ጠባቂዋ እጃቸውን ዘረጉ። የቀኝ እጃቸውን፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው። «እፍኜ ያው ነው» አሉ። «አሥራ አራት ዓመት አላነሰም፣ አልጨመረም። የተለወጠው ቅጠሉ ነው። ጠረኑ ቀለለ ብዬ ነግሬያታለሁ። ያንን ነጭ ነገር ያመጣችው እሷ ናት። እሷን ጠይቋት።»

ሽማግሌው ጠየቁኝ።

«ማዳበሪያ ቅጠል ያበዛል፣ ቅቤ አያበላሽም» አልኩ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ «ቅጠሉማ እንደ ጃንጥላ አልነበር? እንዴት አነሰኝ ትላለች?» አለች። ሌሎቹ በሐሳቧ ተስማሙ። ትልቅ ቅጠል ያላት ሴት ቅመም አነሰኝ ማለት እንደማትችል ለሁሉም ግልጽ ነበር። የቆጠበችው ለመሸጥ ነው የሚለው በዚያው ሰዓት ተወለደ።

ማሰሮዎቹ ወደ ዋርሳቸው ሚስት ቤት እንዲዛወሩ ተወሰነ። ሁለት ሴቶች ማሰሮዎቹን አጥበው በዚያው ቀን ተሸክመው ወሰዱ።

ከዚያ የሆነው ብዙ ጊዜ አልፈጀም። መጀመሪያ የእንሰቱ ማሳ ታጠረ። ቀጥሎ የዋርሳቸው ላም በግቢው ማደር ጀመረች። ጠባቂዋ ለሽማግሌ አመለከቱ፤ ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሰጡ፣ ቀጠሮው ዞረ። ጠባቂዋ ለሴቶቹ የሚነግሩት ነገር አልነበራቸውም፤ ሴቶቹ ሌላ ጠባቂ ይዘዋል። በአራተኛው ወር ወደ ዲምቱ፣ ወደ ወንድማቸው ልጅ ሊሄዱ ነው ተባለ።

እኔ በእነዚያ ወራት ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር እየሠራሁ ነበር። ከአንድ ለጋ ቅቤ ሁለት ትንንሽ ማሰሮ አነጠርኩ። አንዱን በማሳያው ኮሰረትና በሶብላ፣ አንዱን ከጓሮዬ በወጣው። እፍኙ የእኔ፣ እሳቱ አንድ፣ ማስቀመጫው አንድ። በሦስተኛው ወር ማብቂያ ከፈትኳቸው። ልዩነቱን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሁለቱን ማሰሮዎች በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሁለት ጥቅልና አንድ ሰፌድ ተቀምጧል። ግቢ አላሉኝም፣ ውጪም አላሉኝም። ማሰሮዎቹን ፊታቸው አስቀምጬ ክዳናቸውን አነሣሁ።

አንዱን አሸተቱ። ሌላውን አሸተቱ። የተበላሸውን መልሰው ከደኑት።

«ይሄኛው የመደቡ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ይሄን አሁን። ነገሩን ግን ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት አውቄ ነበር። ሶዶ ሄጄ ጠይቄያለሁ።»

ደህናውን ማሰሮ አንሥተው በጣታቸው ቀመሱ። አነጣጠሬን እንደሚመዝኑ ገባኝ። «እሳቱ በዝቶብሻል» አሉ። ከዚያ ማሰሮውን ወደ እኔ ገፉት።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው» አሉ። «ሴቶቹ አሁን ከኋላ፣ መደቡ ላይ ናቸው። ቅጠሉን እየለቀሙ ነው። ዓመቱ ጀምሯል፤ በዚያው ነው የሚያነጥሩት። ሂጂና ይሄን አስሸትቻቸው። ነገ መኪናው ሳይመጣ አንዲት ሴት እዚህ በር ላይ መጥታ ‹የማሰሮዎቹ እናት› ብትለኝ ይበቃኛል። ቤቱንስ ይውሰዱት።»

«እሺ» አልኩ።

ዘንቢሌን ይዤ በቤቱ ዞርኩ። አምስት ሴቶች መደቡ ውስጥ ጎንበስ ብለዋል። የዋርሳቸው ሚስት መሐላቸው ቆማ የኮሰረት ዘለላ በክንዷ ታቅፋለች። ቅጠሉ እስከ ትከሻዋ ደርሷል።

«ነይ፣ አንቺም ልቀሚ» አለችኝ። «ያንቺ ሥራ አይደል? እዩት እስቲ፣ ይሄን የመሰለ ኮሰረት ይዛ ነው ያችኛዋ ቅመም የሰሰተችው።»

ሌሎቹ ቀና ሳይሉ ሳቁ።

«ዘንቢሉ ውስጥ ምንድን ነው?» አለች።

አምስቱም ቀና አሉ። ከቤቱ ጓሮ በር ጠባቂዋ ወጥተው ቆመው እንደነበር በዓይኔ ጠርዝ አየሁ።

«ቅቤ ነው» አልኩ።

«የማን?»

«የራሴ። ለቤት ነው።»

«በዩሪያው ቅጠል ነው ያነጠርሽው?»

«አዎ» አልኩ።

«አምሮልሻል?»

«አዎ።»

ወደ ቅጠላቸው ተመለሱ። ደህና ዋሉ አልኩና በአጥሩ መውጫ ወጥቼ መንገዱን ያዝኩ።